የከተማችን ውኃ ከእንጦጦ ላይ ሲታይ

ባለፈው ጥቅምት ወር የክፍላችን ተማሪዎች ከጂኦግራፊ አስተማሪያችን ጋር ወደ እንጦጦ ፓርክ ወጥተን ነበር። ክረምቱ አልፎ፥ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ የወጣንበት ቀን ስለ ነበረ አየሩ ጥርት ብሎ ከተማው ሁሉ እስከ አቃቂ ድረስ ይታይ ነበር። ከጋራው ጫፍ ስንደርስ አስተማሪያችን አቆሙንና ከያዙት የውኃ ጠርሙስ ጥቂት በደቡብ በኩል፥ ጥቂት ደግሞ በሰሜን በኩል መሬት ላይ አፍስሰው «ልጆች፥ ይህ ውኃ ወዴት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁን።

እኛም እየሳቅን «መሬት ውስጥ ይሰርጋል» አልናቸው።

«የጠርሙሱስ ይሰርጋል» አሉ። «የክረምቱ ዝናብ ግን እንዲህ አይደለም። በደቡብ በኩል የወረደው በቀበናና በሌሎቹ ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፥ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባና ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ ይቀራል። በሰሜን በኩል የወረደው በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፥ ከሙገርም ወደ ዓባይ ገብቶ ሱዳንንና ግብፅን ያጠጣል። እናንተ የቆማችሁት በሁለት ታላላቅ ወንዞች ራስ ላይ ነው።»

በዚህ ጊዜ አንዱ የክፍላችን ልጅ እጁን አውጥቶ «ታዲያ ጋሼ፥ በሁለት ወንዞች ራስ ላይ ከቆምን፥ በቤታችን ቧንቧ ውኃ የሚመጣው ለምን በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው?» አላቸው። ሁላችንም ሳቅን። አስተማሪያችን ግን አልሳቁም። «ይህንንስ አስባችሁ መልሱልኝ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ውድ የመጽሔታችን አንባቢዎች ሆይ! እኔ ይህን ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሰላስለው ቆይቻለሁ። ከመጻሕፍት ያነበብሁትን፥ ከትልልቅ ሰዎች የሰማሁትንና በቤቴ ያየሁትን አንድ ላይ አድርጌ የደረስሁበትን ሐሳብ እነሆ ለእናንተ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልናገር። ቤታችን በየካ ክፍለ ከተማ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር ነው። ከግቢያችን ቀና ሲሉ እንጦጦ ይታያል። በክረምት ጎርፉ በበራችን እያጓራ ሲወርድ እንሰማዋለን፤ በበጋ ግን ውኃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ያውም ተራችን ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው። እናቴ የቧንቧውን ድምፅ ለይታ ታውቃለች፤ ውኃው ከመምጣቱ በፊት አየሩ «ሽሽ» ሲል ከእንቅልፏ ትነቃለች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢሆንም ሁላችንም ተነሥተን በርሜሉን፥ ጀሪካኑን፥ ሳፋውን፥ አልፎ አልፎም ድስቱን ሳይቀር እንሞላለን። ተራው ያለፈን ሳምንት ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን አስቀምጬ ጀሪካን ይዤ ጎረቤት እለምናለሁ፤ ወይም ቦኖ እሰለፋለሁ።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በክፍላችን ውስጥ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው የሚያንቀላፉ ብዙዎች ስላሉ፥ ይልቁንም ሴቶች ልጆች ስለ ሆኑ ነው። አስተማሪዎቻችን ሰነፎች ነን ብለው አይዘኑብን። አንዳንዶቻችን ሌሊቱን ያሳለፍነው ከመጽሐፍ ጋር ሳይሆን ከጀሪካን ጋር ነው። እንግዲህ የውኃ ነገር የመሐንዲሶች ነገር ብቻ አይደለም፤ የትምህርትም ነገር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከተማቸውን መጀመሪያ የሠሩት በእንጦጦ ጋራ ላይ ነበር። ጋራው ጠላትን ለመጠበቅ ይመች ነበር እንጂ ብርዱ የበረታ፥ ውኃና ማገዶውም ለብዙ ሕዝብ የማይበቃ ነበር። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱና ሕዝቡ ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ወረዱ፤ በ1879 ዓ.ም.ም አዲስ አበባ ተቈረቈረች። ከተማችን የተወለደችው ሞቅ ያለ ሜዳና ውኃ ፍለጋ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል በቧንቧ ውኃ ስቦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ባስገባ ጊዜ፥ ሕዝቡ ውኃ ሽቅብ ሲወጣ አይቶ መደነቁ ይነገራል።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ የማገዶ እጥረት መጣ። ደኑ ተጨፍጭፎ ስላለቀ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ሥራ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማው ባለበት ሊጸና የቻለው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት አድጎ ማገዶና ቤት መሥሪያ ስለ ሆነ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። አንድ ከተማ የሚጐድለውን ነገር አስቀድሞ ካላሰበ፥ ወይ መሰደድ ወይ በችኮላ መድኃኒት መፈለግ ግድ ይሆንበታል። በችኮላ የተገኘ መድኃኒት ደግሞ የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። ባሕር ዛፉ ከተማውን አድኗል፤ ነገር ግን ውኃ በብዛት የሚጠጣ፥ ከሥሩም ሣር የማያበቅል ዛፍ ስለ ሆነ የእንጦጦን አፈር ራቁቱን አስቀርቶታል።

ስለ ውኃውም እንደዚሁ ነው። በምዕራብ በኩል በአምቦ መንገድ ያለው የገፈርሳ ግድብ የተሠራው በ1936 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከተማው አድጎ ገፈርሳ ሲያንሰው በምሥራቅ በኩል የለገዳዲ ግድብ በ1962 ዓ.ም. ገደማ ተሠራ። በኦሮምኛ ስሙ «የጠጅ ወንዝ» ማለት እንደ ሆነ ሰምቻለሁ፤ ለተጠማ ከተማም በእውነት ጠጅ ሆኖለት ነበር። እሱም ሲያንስ ከለገዳዲ አጠገብ የድሬ ግድብ በ1991 ዓ.ም. ገደማ ተጨመረ። በገፈርሳና በለገዳዲ መካከል ወደ 26 ዓመት፥ በለገዳዲና በድሬ መካከል ደግሞ ወደ 29 ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። ከድሬ ወዲህ ለከተማው የተጨመረው ውኃ በአብዛኛው የተገኘው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያ ከአቃቂ፥ በኋላም ከሌሎች ሥፍራዎች ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የለገዳዲ ሁለተኛው የጉድጓድ ውኃ ሥራ በቀን 86 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲሰጥ የታሰበ ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር እናያለን። ከተማችን ግድብ የሠራችው ሁልጊዜ ከተጠማች በኋላ ነው። ሳትጠማ የሠራችበት ጊዜ የለም።

አሁን ደግሞ በሒሳብ ክፍል እንደምናደርገው ጥቂት እንቈጥር። ለገዳዲ ወደ 44 ሚሊዮን፥ ድሬ ወደ 19 ሚሊዮን፥ ገፈርሳ ወደ 7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዙ የተሠሩ ናቸው። ድምሩ ወደ 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2 ሚሊዮን 739 ሺህ 551 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ እንደ ጨመረ ሁላችንም በዓይናችን እናየዋለን። ለሒሳባችን እንዲመች 4 ሚሊዮን እንበለው። እያንዳንዱ ሰው ለመጠጡ፥ ለምግቡ፥ ለልብሱና ለገላው በቀን 100 ሊትር ቢያስፈልገው፥ በጠቅላላው በቀን 400 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። 70 ሚሊዮኑን ለ400 ሺህ ስናካፍለው 175 ቀን ይሰጠናል። እንግዲህ ሦስቱ ግድቦች ጢም ብለው ሞልተው ቢያድሩ እንኳ፥ ዝናብ ካልጨመረላቸውና ጉድጓድ ካልደገፋቸው ስድስት ወር አይሞሉም። ዋናው ዝናባችን ግን በመስከረም አብቅቶ እስከ ሰኔ ይቈያል። በመካከሉ የበልግ ዝናብ ቢኖርም አንዳንድ ዓመት ይመጣል፥ አንዳንድ ዓመት ይቀራል።

ስለዚህ «አዲስ የውኃ ማከማቻ ያስፈልጋል ወይ?» ተብዬ ብጠየቅ፥ መልሴ «አዎን፥ ያስፈልጋል» ነው። መሐንዲሶችም ይህን ካወቁት ብዙ ዘመን ሆኗል። ከእንጦጦ ማዶ በሰሜን በኩል ገርቢና ሲቢሉ የሚባሉት የግድብ ሥፍራዎች ስማቸው በዕቅድ ላይ ከተጻፈ ቆይቷል። ገርቢ በቀን ወደ 73 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲሰጥ፥ ሲቢሉ ደግሞ ከእሱ እጅግ የበለጠ እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። ሁለቱም ያሉት አስተማሪያችን በሰሜን በኩል ውኃ ባፈሰሱበት ወገን፥ በሙገርና በዓባይ ተፋሰስ ውስጥ ነው። በሌላ አነጋገር፥ ከተማችን ከዛሬ አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ ትታው የወረደችውን ጋራ እንደገና ተሻግራ ውኃ ልትለምን ነው ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ጉድጓድ እያለ ግድብ ምን ያደርጋል? ግድብ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይፈጃል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ጉድጓድ ቶሎ ይደርሳል። ነገር ግን የመሬት ውስጥ ውኃ አያቶቻችን በባንክ እንዳስቀመጡልን ገንዘብ ነው። በየዓመቱ ከሚገባው ይልቅ የሚወጣው ከበዛ አንድ ቀን ሒሳቡ ይዘጋል። ደግሞም ከብዙ ሜትር ጥልቀት የሚሳብ ውኃ ያለ ኤሌክትሪክ አይወጣም፤ መብራት ሲጠፋ ውኃውም አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። የሐረር ከተማ ውኃ የሚጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ከሐይቁ ለከተማና ለእርሻ ያለ ልክ እየተሳበ፥ ከተራቈቱት ኮረብቶችም ደለል እየገባ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀ፤ ጀልባ ይሄድበት በነበረው ሥፍራ ከብት ተሰማራበት። ሐረርም በድሬዳዋ በኩል ከሩቅ ቈላ ውኃ በቧንቧ ሽቅብ ማስወጣት ግድ ሆነባት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ እንደገና ውኃ መያዙ ደስ ያሰኛል፤ ትምህርቱ ግን መረሳት የለበትም።

እንግዲህ ግድብ ይሠራ ካልን የምጨነቅበትን ነገር ልናገር። እኔ እንደሚመስለኝ ግድብ የሲሚንቶ ግንብ ብቻ አይደለም። ግንቡ ሳይጀመር መከፈል ያለባቸው ሦስት ዕዳዎች አሉ።

የመጀመሪያው ዕዳ ለአፈሩ ነው። በከተማችን ደቡብ ያለውን የአባ ሳሙኤልን ግድብ ተመልከቱ። በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ጀምሮ ለአዲስ አበባ መብራት የሰጠ፥ በአገራችን የመጀመሪያው ነው የሚባል የውኃ ኃይል ማመንጫ ነበር። ይሁን እንጂ ከእንጦጦ ጀምሮ ያለው ጋራና የከተማው ወንዝ ሁሉ አፈሩንና ቈሻሻውን ተሸክሞ የሚወርደው ወደዚያ ነው። ሐይቁ በደለል እየተሞላ፥ ጥገናም እየጐደለው ሄዶ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ማመንጫው ሥራ አቆመ። እንደገና ተጠግኖ የተከፈተው በ2009 ዓ.ም. በቻይናውያን እርዳታ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ግንቡ ራሱ አልፈረሰም ነበር፤ የጠፋው ግንቡ ያቆመው ውኃ የሚተኛበት ቦታ ነው። ግድብ የሚሞተው ከግርጌው ሳይሆን ከራስጌው ነው።

ስለዚህ ከእንጦጦ ጀርባ አዲስ ግድብ ሲታሰብ ከግንቡ በፊት ጋራው ይታሰብ። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት ብዙ ሰው ያየው መንገዱን፥ መዝናኛውንና ምግብ ቤቱን ነው። ፓርኩ የሚሸፍነው መሬት ግን 1,300 ሄክታር ያህል ነው። ይህ ሁሉ መሬት ለከተማችን የተዘረጋ ስፖንጅ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፉ ቀስ በቀስ እየተነሣ ጥድ፥ ወይራ፥ ኮሶና ዝግባ ሲተከልበት፥ ከሥራቸውም ሣርና ቍጥቋጦ ሲበቅል፥ የክረምቱ ዝናብ እየጋለበ ከመውረድ ይልቅ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ በበጋም ምንጭ ሆኖ ይመለሳል። «ቀስ በቀስ» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዛፉ በአንድ ጊዜ ቢቈረጥ ዳገቱ ይሸረሸራል፤ ከዚህም ሌላ ከዚያ ጋራ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው እያወረዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች ሌላ እንጀራ ሳያገኙ መቅረት የለባቸውም።

ሁለተኛው ዕዳ ለሰው ነው። እዚህ ላይ የቤቴን ጉዳይ ብናገር ይቅርታ አድርጉልኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ከእንጦጦ ማዶ በሱሉልታ በኩል ያርሳሉ፤ ጥቂት ላሞችም አሏቸው። በልጅነቴ ትኩስ ወተት የጠጣሁት፥ በሣር ላይ የተንከባለልሁት እሳቸው ቤት ነው። ባለፈው የገና በዓል ልንጠይቃቸው ሄደን ሳለ ከአስተማሪያችን የሰማሁትን በኩራት ነገርኋቸውና ወደ ፊት በእነሱ አገር በኩል ትልቅ ግድብ ሊሠራ እንደሚችል፥ እኛም ሌሊት መነሣት እንደሚቀርልን አወራሁላቸው።

አጎቴ ዝም ብለው ሰሙኝ። በኋላ እሳት እየቈሰቈሱ «ልጄ፥ ግድቡ የት ላይ ነው የሚሆነው?» አሉኝ።

«በትክክል አላውቅም» አልኋቸው።

«እኔም አላውቅም፤ የነገረኝም የለም» አሉ። «እንግዲህ አንቺ የተማርሽ ነሽና እወቂው። ውኃ የሚተኛው ረባዳ ላይ ነው። ረባዳው ደግሞ የእኛ ደኅና መሬት ነው፤ ጤፉም፥ የከብቱም ሣር ያለው እዚያ ነው። ከተማ ሰው አይጠጣ አንልም፤ የተጠማ ይጠጣ። ነገር ግን የሚጠጣ ሰው ከማን እጅ እንደ ጠጣ ይወቅ ነው የምንለው።»

እኔ መልስ አልነበረኝም። እናቴም አንገቷን ደፍታ ቀረች። በአንድ ቤት ውስጥ ውኃ የሚሻና መሬቱን ለውኃ የሚለቅ ሰው አብረው እሳት ሲሞቁ ያየሁት በዚያ ምሽት ነው። ወደ ቤታችን ስንመለስም መንገዱን ሙሉ በመስኮት አሻግሬ ረባዳውን ስመለከት ነበር።

የአጎቴ ጥያቄ የእሳቸው ብቻ አይደለም። ገፈርሳም ለገዳዲም ድሬም ያሉት ከአዲስ አበባ ወሰን ውጭ በኦሮሚያ ምድር ነው፤ የታሰቡትም እንደዚሁ ናቸው። ከተማው ይጠጣል፥ ገጠሩ መሬቱን ይለቃል። ይህ በጐረቤት መካከል ሊኖር የሚገባ ስምምነት የሚሆነው ሁለቱም ወገን ሲጠቀም ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ሲወጣ ገበሬው በመጀመሪያው ስብሰባ ይጠራ እንጂ ቡልዶዘሩ ከደረሰ በኋላ አይነገረው። ካሣውም አንድ ጊዜ ተቈጥሮ የሚያልቅ ገንዘብ ብቻ አይሁን፤ ምትክ መሬት፥ ለልጆች ትምህርት ቤትና ሥራ ይኑርበት። ከሁሉም በላይ የግድቡ ውኃ ተጣርቶ ወደ ከተማ ከመሄዱ በፊት በግድቡ ዙሪያ ያለው ሕዝብ ይጠጣ። ውኃው ከደጁ እያለፈ እሱ የሚጠማ ከሆነ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የተባለው ተረት በእኛው እጅ ይፈጸማል።

ይህ የተማሪ ምኞት ብቻ እንዳይመስላችሁ በዓለም ላይ የተሠራ ምሳሌ ልጥቀስ። የኒውዮርክ ከተማ አብዛኛውን ውኃ የሚያገኘው ከከተማው ርቀው ባሉት በካትስኪልና በደላዌር ተፋሰሶች ከተሠሩ ግድቦች ነው። በጥንት ጊዜ ለግድቦቹ ሲባል መንደሮች ከነመቃብራቸው ተነሥተው ነበር፤ ቂሙም ለብዙ ዘመን ቆይቷል። ኋላ ግን ከተማው ብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ የማጣሪያ ጣቢያ ከመሥራት ይልቅ በ1989 ዓ.ም. ከላይኛው አገር ሰዎች ጋር ስምምነት ተፈራረመ። ገበሬው አፈሩንና ወንዙን እንዲጠብቅ ከተማው ገንዘብ ይሰጣል፤ ገበሬውም ንጹሕ ውኃ ይልካል። እንግዲህ ሀብታም ከተማ እንኳ ጋራውንና ገበሬውን መጠበቅ ከሲሚንቶ እንደሚረክስ አስልቶ ደርሶበታል። እኛ ድሆች ሆነን ይህን ሒሳብ ልንዘለው አይገባም።

ሦስተኛው ዕዳ ለቧንቧው ነው። በከተማችን ከሚመረተው ውኃ ሲሦ ያህሉ ከሒሳብ ውጭ እንደሚሆን በተለያየ ጊዜ በይፋ ተነግሯል። ከዚህም ውስጥ ጥቂቱ ያልተለካና የተሰረቀ ሲሆን ብዙው ከአረጁ ቧንቧዎች የሚፈስ ነው። ቀደም ሲል ባደረግነው ሒሳብ የ400 ሺህ ሲሦ ከ130 ሺህ ሜትር ኩብ ይበልጣል፤ ይህም ገርቢ ይሰጣል ከተባለው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። እንግዲህ አንድ ገርቢ ያህል ውኃ ዛሬውኑ ከእግራችን በታች በአስፋልት ሥር ይጠፋል ማለት ነው። በተቀደደ ስልቻ እህል የሚሞላ ሰው አውድማው ቢሰፋለት ምን ይጠቅመዋል? አጎቴን «ረባዳዎን ልቀቁልን» ከማለታችን በፊት «የያዝነውንስ በሚገባ ጠብቀናል» ለማለት መቻል አለብን።

አንዳንዱ አንባቢ «ይህች ልጅ አንድ ጊዜ ግድብ ይሠራ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ይቈይ ትላለች» ሊለኝ ይችላል። እኔ ይቈይ አላልሁም። ግድብ ዛሬ ተወስኖ ነገ አይሞላም። ጥናቱ፥ ገንዘቡ፥ ከሕዝቡ ጋር መነጋገሩና ሥራው ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ይጀመር። ነገር ግን የሚጀመረው ከግንቡ አይሁን፤ ከዛፉ፥ ከገበሬውና ከቧንቧው ይሁን። እነዚህ ሦስቱ ሥራዎች ግድቡ እስኪሠራ ድረስ የሚጠቅሙ፥ ግድቡም ከተሠራ በኋላ ዕድሜውን የሚያረዝሙ ናቸው። «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስለኛል።

በመጨረሻም የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ምንድን ነው? ግድብ መሥራት አንችልም፤ ነገር ግን ጣሪያ አለን። በአዲስ አበባ በዓመት የሚዘንበው ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ይሆናል። እንግዲህ 500 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አንድ የመማሪያ ሕንፃ ጣሪያ በዓመት 500 ሺህ ሊትር ይቀበላል ማለት ነው። የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ ግማሹ ብቻ ቢያዝ እንኳ 250 ሺህ ሊትር ነው፤ ይኸውም 12 ሺህ 500 ጀሪካን ይሆናል። ለመጠጥ ባይሆን ለመጸዳጃ ቤት፥ ለወለል መጥረጊያና ለችግኝ ይበቃል። ያለን የዝናብ አሸንዳ ግን ውኃውን ወደ ቦይ፥ ቦዩም ወደ ወንዝ ይልከዋል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን አስተዳደርና ለወላጆች ኮሚቴ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ በመጪው በጋ ከአንዱ ሕንፃ አሸንዳ ሥር አንድ የውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር ይቁም። የሚሞላውን ውኃ የሒሳብ ክፍል ይለካው፥ የሳይንስ ክፍል ንጽሕናውን ይመርምረው፥ የእርሻ ክበብ ደግሞ በእሱ የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ አፍልቶ ክረምት ሲመጣ ወደ እንጦጦ ይውሰደው። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ያየ ተማሪም አልፎ አይሂድ፤ ቢዘጋ ይዝጋው፥ ባይዘጋ ይናገር። በቤት የልብስ እጥበት ውኃ ለወለል፥ የወለሉም ለአትክልት ይትረፍ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል።

ወላጆቻችን ሆይ! እናንተ ስለ ልጆቻችሁ ነገ ብላችሁ ሌሊት ተነሥታችሁ ውኃ ትቀዳላችሁ። አስተማሪዎቻችን ሆይ! ጥያቄውን የሰጣችሁን እናንተ ናችሁ። ጓደኞቼ ሆይ! ከመካከላችን አንዱ መሐንዲስ፥ አንዱ የሕግ ሰው፥ አንዱ ደግሞ የከተማ አስተዳዳሪ ይሆናል። ያን ጊዜ በጠረጴዛችሁ ላይ የግድብ ፕላን ሲዘረጋ፥ ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን ረባዳ አይታችሁ «እዚህ ማን ይኖራል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሳትሰሙ አትፈርሙ።

እኔም ለአጎቴ አንድ መልስ አለብኝ። በሚመጣው በዓል ስሄድ ይህን መጽሔት ይዤ ሄጄ እሳቱ ዳር ተቀምጬ አነብላቸዋለሁ። የሚሉኝንም በሚቀጥለው ዓመት እጽፍላችኋለሁ።